ያገለገለ የእንጨት ዕቃ ሲገዙ ቀለሙን ሳይሆን መጋጠሚያውን ይዩ

ጠረጴዛውን ጥጉን ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት። ቢወዛወዝ ችግር የለም፤ አሮጌውን ኮላ ፍቀው ያስወግዱ (አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝም)፣ አዲስ ቀብተው በገመድ ጠፍረው 24 ሰዓት ያቆዩት። ከትንንሽ ቀዳዳዎች የእንጨት ዱቄት ከረገፈ ግን ነቀዝ አለበትና ይተዉት፤ ሌላውንም ዕቃዎን ይበላል።

ገጹን እንደገና ቫርኒሽ ሊቀቡት ከሆነ፣ ከመፈግፈግዎ በፊት የያዘውን ቅባት በሳሙና ውሃ ያጽዱ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፣ ከዚያ ቫርኒሹ አልያዘም ይላሉ። ሲደርቅ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይፈግፍጉ፤ አግድም ከሄዱ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። ገጹ ስስ ልባጥ (ከላይ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ሽፋን) ከሆነ 220 ብቻ፣ ያውም በቀስታ። ቫርኒሹን 2 ወይም 3 ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አንዴ ወፍራም የተቀባ ይንጠባጠባል።