የመንግሥት ድርጅት «ሊሸጥ ነው» ሲባል ምን እናጣራ?

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ስትጫወቱ «መንግሥት እንዲህ ያለውን ድርጅት ሊሸጥ ነው» ከተባለ ጨዋታው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አገር ተሸጠ» ይላል። ሌላው «ኪሳራ ከሚሆን ይሸጥ» ይላል። እኔ የምለው፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሂሳቡ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል እዩ።

ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን ውሰዱ። በ2008 40 በመቶው ለጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያኔ አገሪቱ ዶላር አጥሯት ነበር፣ ዶላር ይዞ የሚመጣው ደግሞ የውጭ ገዥ ነው። ያው ኩባንያ በ2010 ጨምሮ ገዛና አብላጫውን ድርሻ ያዘ።

ኢትዮ ቴሌኮም ግን ጥቅምት 2017 ላይ 10 በመቶውን ያቀረበው በብር፣ በቴሌብር፣ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ፖለቲካው ጎልቶ ይታያል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ድርጅት ለባዕድ ከመስጠት ለዜጋ ማካፈል ለመንግሥት ይቀለዋል።

ቀጥሎ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። 10 በመቶ ከትርፉ ያካፍላችሁ ይሆናል እንጂ ውሳኔው ያው የመንግሥት ነው። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር፣ መግዛት የሚቻለው ደግሞ ቢያንስ 33፣ ማለትም 9,900 ብር። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ብሩን ብከተው ስቸገር መልሼ አወጣዋለሁ?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው! ሽያጩ ሲጀመር አክሲዮን የሚገበያዩበት ገበያ ገና አልተከፈተም ነበር፣ የተከፈተው ጥር ላይ ነው። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠውም 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው።

«ተወሰነ» እና «ተሸጠ»ንም አታምታቱ። ግንቦት 2010 ላይ የኢህአዴግ ሥራ አስፈጻሚ አየር መንገዱም በከፊል እንዲሸጥ ወስኖ ነበር፣ ግን ሳይሸጥ ቀረ። አዲስ አመራር ሲመጣና ዕዳ ሲከብድ ትልልቅ ውሳኔ ቶሎ ይታወጃል፣ አፈጻጸሙ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ገንዘባችሁን የምታወጡ ከሆነ ደግሞ የሽያጭ መግለጫውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዕዳው ከማን ጋር እንደሚቀር፣ ኦዲቱን ማን እንደሠራው፣ ትርፍ መቼ እንደሚከፋፈል ፈልጉ። ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ካላችሁ ጡረታውና የሥራ ውሉ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነ ውሉ ሳይፈረም በማኅበሩ በኩል በጽሑፍ ይጠይቅ።