በአፈሙዝ የሚጎርስ የመጀመሪያ ጠመንጃችሁን ስትመርጡ

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ለአደን ወቅት መግዛት ፈልጎ “የቱ ይሻላል?” የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው “የት ነው የምታድነው?” ብዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ስቴቶች ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ ለብቻው ቀን ይመድባሉ። ቀኑንም ደንቡንም የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ስለሆነ፣ አንዱ ዘንድ በየሱቁ የሚሸጠው ጠመንጃ ሌላው ዘንድ ጫካ ይዘውት ቢገቡ ያስቀጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የዘንድሮ ደንብ አውርዳችሁ፣ ይህን ጠመንጃ የሚመለከተውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የአምናው አይበቃም፤ ይቀያየራል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኔ የማድነው ቨርጂኒያ ነው፣ በምዕራብ በኩል በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን። እዚህ ኢንላይን የሚባለው፣ እሳቱ ከባሩዱ ኋላ በቀጥታ መስመር ላይ የሆነው ዘመናዊ ዓይነት ይፈቀዳል፣ ስኮፕም (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ይፈቀዳል፤ ለአጋዘን ካሊበሩ፣ ማለትም የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች፣ ከ.45 ማነስ የለበትም፤ ከመደበኛው የአደን ፈቃድ ሌላ ለዚህ ወቅት የተለየ ፈቃድ ይገዛል። የመጀመሪያው ወቅት ኖቬምበር መግቢያ ላይ ስለሚውል ለእኛ ለጾመኞች ይመቻል፤ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ሥጋው ቤት ይደርሳል። ኮሎራዶ ስትሄዱ ግን በዚሁ ወቅት ስኮፕ የለም፣ ጥይቱን የሚያቅፈው ፕላስቲክ ሳቦትም የለም፣ በክኒን መልክ የተጠፈጠፈ ባሩድም አይፈቀድም፤ ኤልክ ለሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘር ከ.50 በታች ካሊበር መያዝ አይቻልም። አይዳሆ ለዚህ ጠመንጃ ብቻ በተመደበው ወቅት እሳት የሚሰጠው ክፍል ውጭ ላይ የሚታይ እንዲሆን ትጠይቃለች፣ 209 የሚባለውን ፕራይመርም (ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ መለኮሻ) ትከለክላለች። ፔንሲልቬንያ ደግሞ ከፈረንጆች ገና ማግስት የሚጀምር፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የቆየ ወቅት አላት፤ በዚያ የሚፈቀደው በባልጩት ድንጋይ የሚለኮሰው ጠመንጃ ብቻ ነው። እኔ ቤት ያለውን ኢንላይን ይዤ ወደዚያ ብሄድ ዋጋ የለውም።

ስለ መግዛቱ ሕግም አንድ ነገር ልበል። በፌዴራሉ ሕግ፣ ቀለህ ያለው ጥይት መተኮስ የማይችል በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ በጥቅሉ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ስለሚታይ፣ ብዙ ቦታ ያለ ሻጭ ምዝገባ በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት ይላካል። ይህ ግን በየስቴቱ ይለያያል። ጠመንጃ መያዝን የሚከለክል የፍርድ ጉዳይ ወይም ያልተጠናቀቀ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ያለበት ሰው፣ “ጥንታዊ ነው” ተብሎ ስለተነገረው ብቻ አይግዛ፤ ቀድሞ ጠበቃ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንግባ። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ጥይቱ በላዩ ላይ በዘንግ ተገፍቶ ይቀመጣል፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የሚሰጥ ነገር ይደረጋል። በቃ። ያላችሁ ምት አንድ ነው፤ እንደገና እስክታጎርሱ አጋዘኑ ቆሞ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት እኔ ጠመንጃ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ሌሊቱን ሲያካፋ ባደረበት ጠዋት ምላጩን ስስብ ይተኩሳል ወይ? ባሩዱ እርጥበት ጠጥቶ ዘግይቶ ቢፈነዳ፣ አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ይንቀሳቀስና እንስሳው ሆዱን ይመታል፤ ጫካ ገብቶም ሲሰቃይ ያድራል። ይህን አልፈልግም፤ እናንተም እንደማትፈልጉ አምናለሁ።

እሳት አሰጣጡ ሦስት ዓይነት ነው። ባለ ባልጩቱ፣ ፍሊንትሎክ የሚባለው፣ ድንጋዩ ብረት ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ በትንሽ ሳህን ላይ ያለውን ደቃቅ ባሩድ ይለኩሳል፤ ከዚያ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ እስኪፈነዳ ድረስ የሚሰማ መዘግየት አለ፤ እስከዚያ ዓይናችሁን ከማነጣጠሪያው ሳታነሱ መያዝ ልምምድ ይፈልጋል። ሳህኑ ዝናብ ይፈራል። በተጨማሪም ምትክ የሚባሉት ባሩዶች ለመቀጣጠል ከጥቁር ባሩድ የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ፣ ፍሊንትሎክ እውነተኛውን ጥቁር ባሩድ ይፈልጋል፤ እሱን የሚያስቀምጥ ሱቅ ደግሞ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ባለ ካፕ ነው፤ ጎን ላይ ያለው መዶሻ ትንሿን የመዳብ ካፕ ይመታል፣ እሳቱ ታጥፎ ወደ ባሩዱ ይደርሳል። ከባልጩቱ እጅግ ይሻላል፤ አይዳሆን በመሰሉ ስቴቶች የምታድኑ ከሆነም የሚሆናችሁ ይኸው ነው። ሦስተኛው ኢንላይን ነው፤ ቶኒ ናይት እ.ኤ.አ. በ1985 ኤምኬ-85ን ካወጣ ወዲህ የተስፋፋው ዓይነት። እሳቱ ከባሩዱ ኋላ በቀጥታ መስመር ላይ ስለሆነ መታጠፊያ የለውም፤ የዛሬዎቹ በአብዛኛው የሚጠቀሙት 209 ፕራይመርም ከካፕ በጣም የጋለ እሳት ይሰጣል።

ደንቡ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጠመንጃ ያለ ማመንታት ኢንላይን እላለሁ፣ ያውም እንደ ድሮ የወፍ ጠመንጃ መሐሉ ላይ የሚታጠፈውን። የጎን መዶሻ ያላቸውን ጠመንጃዎች መልክ እወዳለሁ፤ እንጨታቸውም ናሳቸውም ያምራል። ግን ጀማሪ መጀመሪያ ማነጣጠርንና ርቀት መገመትን ይማር፤ ስለ እሳቱ አይጨነቅ።

እኔ ግራኝ ነኝ፣ ይህም ምርጫዬን ወስኖታል። የጎን መዶሻ ያለው ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለቀኝ ሰው ስለሆነ፣ በግራ ትከሻ ሲተኮስ መዶሻውም ካፑም ፊት ለፊት ይሆኑና ጭሱና ስብርባሪው ወደ ዓይን ይመጣል። የግራ ሥሪት አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ታጣፊው ኢንላይን መዶሻው መሐል ላይ ስለሆነ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። ቤት ውስጥ ግራኝ ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡበት። መነጽር ግን ለሁሉም ግዴታ ነው።

ባሩድ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። ከሁሉ በፊት፦ ዘመናዊ ጥይት ውስጥ ያለውን ጭስ አልባ ባሩድ በዚህ ጠመንጃ ውስጥ በፍጹም አታድርጉ። ግፊቱ በርሜሉን ይቀድደዋል፣ እጅና ዓይን ይወስዳል። ለዚያ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ጠመንጃዎች አሉ፤ ለጀማሪ አይደሉም። የሚሆናችሁ ጥቁር ባሩድ ወይም ምትኩ ነው፦ ፓይሮዴክስ፣ ትሪፕል ሰቨን፣ ብላክሆርን 209። ሦስቱም የሚለኩት በይዘት መስፈሪያ ነው፤ በሚዛን ከመዘናችሁ ትሳሳታላችሁ። ትሪፕል ሰቨን ከጥቁር ባሩድ ስለሚበረታ አምራቹ መጠኑን በ15 በመቶ መቀነስ ይመክራል። ብላክሆርን ጥቀርሻው አነስተኛ ነው፣ ስለዚህ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ በካፕም በባልጩትም አስተማማኝ ሆኖ አይቀጣጠልም፣ ጠንካራ 209 ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ “ሦስት ክኒን ጨምርበት፣ 150 ግሬን” የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱ ክኒን፣ ማለትም በይዘት መስፈሪያ 100 ግሬን፣ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። ትርፉ ትከሻ ይመታል፣ ብዙ ጊዜም ጥይቱን ይበትናል። ከፍተኛው መጠን በጠመንጃው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አይታለፍም።

ጥይቱና በርሜሉ መጣጣም አለባቸው፣ ይህን ሻጮች እምብዛም አይነግሯችሁም። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አንድ ዙር የሚጨርሰው በስንት ኢንች ነው የሚለው ቁጥር በርሜሉ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ይገኛል። በ28 ኢንች አንድ ዙር ከሆነ ለረጅም ጥይትና ለሳቦት ነው። በ66 ኢንች አካባቢ ከሆነ በጨርቅ ለሚጠቀለል ክብ አረር ነው። 48 ሁለቱንም በመጠኑ ያስተናግዳል። ኮሎራዶ ለማደን አስባችሁ ሳቦት ብቻ የሚወድ በርሜል ብትገዙ ችግሩ ይታያችኋል። ካሊበርን በተመለከተ .50 ግዙ፤ በየሱቁ ጥይቱ የሚገኘው የእሱ ነው፣ ለአጋዘንም ለኤልክም ይሆናል።

ሰደፉ ከክንዳችሁ ጋር ይስማማ። የክረምት ጃኬት ለብሳችሁ፣ ባዶነቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጉት፤ ስትገልጡ ማነጣጠሪያው ፊት ለፊታችሁ ካልሆነ ሰደፉ ረዝሟል ወይም አጥሯል። ቁመታቸው አጠር ያለ ሴቶችና ወጣቶች የተለመደው 14 ኢንች ገደማ የሆነ ሰደፍ ይረዝምባቸዋል፤ አጠር ያለ ሥሪት ጠይቁ። ክብደቱ ተራራ ለምትወጡ ይታሰብበት፣ ነገር ግን በጣም የቀለለ ጠመንጃ ሲተኮስ አጥብቆ ይገፋል።

ሲቪኤ ዎልፍና ትራዲሽንስ ፐርሱት ለጀማሪ የሚሆኑ ታጣፊ ኢንላይኖች ናቸው፤ እጅግ ውድ ባይሆኑም ለአጋዘን የሚጎድላቸው ነገር የለም። በተረፈው ገንዘብ መስፈሪያ፣ ጠንካራ መጠቅጠቂያ ዘንግ፣ ማጽጃና ለልምምድ የሚሆን ባሩድ ግዙ፤ እነዚህ ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ጥሩ ድርሻ ይጨምራሉ። ባሩዱ በታሸገ መያዣ ከኋላ የሚገባበት ፋየርስቲክ የሚባል አሠራርም አለ። ይመቻል፤ ግን በርካታ ስቴቶች ለዚህ ወቅት አይቀበሉትም፣ ስለዚህ እኔ ለመጀመሪያ አልመክረውም።

ያገለገለ ስትገዙ ከኋላ ያለውን መዝጊያ ብሎን ፈትታችሁ በርሜሉን በብርሃን ተመልከቱ። ብሎኑ እንቢ ካለ ወይም በርሜሉ ውስጥ ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ ካለ ተዉት፤ የቀድሞ ባለቤቱ አላጸዳውም ማለት ነው። ሲቪኤ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 የሠራቸውን፣ መለያ ቁጥራቸው በ95 ወይም በ96 የሚያልቅ ኢንላይኖች በበርሜል ችግር ምክንያት በ1997 እንዲመለሱ ጠርቷል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ አትግዙ፣ አትተኩሱበትም። ሌላው ነገር፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ጎርሶ ይገኛል። ዘንጉን በርሜሉ ውስጥ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ከውጭ ለኩ፤ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ካልደረሰ ውስጥ የቀረ ነገር አለ።

ጠመንጃው ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዘንጉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ባዶ በርሜል ውስጥ ዘንጉ የሚደርስበትን አንድ መስመር፣ የመረጣችሁት ባሩድና ጥይት ገብቶ የሚደርስበትን ሌላ መስመር። ይህ ሁለተኛው መስመር በየጊዜው ጥይቱ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጡን ይነግራችኋል። በባሩዱና በጥይቱ መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊቀደድ ይችላል። ባሩድ ከቆርቆሮው በቀጥታ ወደ በርሜል አታፍስሱ፤ ካለፈው ተኩስ የቀረ ፍም ሊኖር ስለሚችል ሁልጊዜ በመስፈሪያ ይግባ። ምላጩን ስባችሁ ካልፈነዳ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጠብቁ።

በዒላማ ሜዳ ላይ መጀመሪያ በ50 ያርድ፣ ቀጥሎ በ100 ተኩሱ፤ በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል በርሜሉን በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጥረጉ። ንጹሕ በርሜል የሚልከው የመጀመሪያ ጥይት ከቀጣዮቹ ተለይቶ የሚያርፍ ከሆነ መዝግቡት፤ ጫካ ውስጥ የምትተኩሱት ያንን የመጀመሪያውን ነውና። በግልጽ ማነጣጠሪያ ከ75 እስከ 100 ያርድ፣ በስኮፕና በኢንላይን እስከ 150 ያርድ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የእናንተ ወሰን ግን አምስት ጥይት አንድ ሳህን ውስጥ የምታስገቡበት ርቀት ነው።

ጽዳቱ በዚያው ምሽት ይሁን። የጥቁር ባሩድ፣ የፓይሮዴክስና የትሪፕል ሰቨን ጥቀርሻ እርጥበት ስቦ ብረት ስለሚበላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። ብላክሆርን በውኃ አይለቅም፤ ለዘመናዊ ጠመንጃ በሚሆን ማጽጃ ፈሳሽ ነው። መዝጊያው ብሎን ጥርሱ ላይ ቅባት ይደረግለት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈታም። በአደን ሰሞን ማታ ሳትተኩሱ ከተመለሳችሁ ፕራይመሩን አውጡና፣ ጎርሶ ማሳደር በስቴታችሁ መፈቀዱን ካረጋገጣችሁ፣ ጠመንጃውን ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ቆልፋችሁ አስቀምጡት። ሞቃት ቤት ካስገባችሁት በርሜሉ ውስጥ ጤዛ ይይዝና ባሩዱን ያረጥበዋል።