ቀላልና የማይለዋወጥ የጎልፍ ስዊንግ እንዴት ይሠራል?

የጎልፍ ዱላና ኳስ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ማንም፣ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን፣ "ቆይ ላስተካክል" ማለት አይችልም። ስለዚህ ኳሷ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ከፈለግን መሥራት ያለብን ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው፤ ዱላውን እንዴት እንደምንይዝ፣ እንዴት እንደምንቆም፣ እንዴት እንደምንዞር። እነዚህ ደግሞ የተለየ ጉልበት አይጠይቁም። ተሰጥኦም ቢሆን እምብዛም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር ሞ ኖርማን ነው። ካናዳዊ ጎልፈኛ ነበር፤ በ1955 እና በ1956 እ.ኤ.አ. የካናዳን የአማተሮች ሻምፒዮና አከታትሎ ወስዷል። ኳሱ ከመስመር ስለማይወጣ "ፓይፕላይን ሞ" ይሉት ነበር። ስዊንጉ፣ ማለትም ዱላውን አወዛውዞ የሚመታበት መንገድ፣ ግን ለዓይን አይማርክም ነበር። እግሮቹን በጣም ከፍቶ፣ ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከኳሷ ራቅ ብሎ ይቆም ነበር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ሲመታ የሚንቀሳቀስ ነገር አያበዛም ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያንስ የሚበላሽም ነገር ያንሳል። እሱን እንዳለ እንቅዳው አልልም፤ ሐሳቡን ግን እንውሰድ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ እያላችሁ አንብቡ።

እርምጃ 1፦ አንድ ዱላ ብቻ ምረጡ

የጎልፍ ሕግ እስከ 14 ዱላ ይዞ መጫወት ይፈቅዳል። ለመማር አንድ ይበቃል፤ ሰባት ቁጥር አይረን፣ ማለትም ራሱ ብረት የሆነ ዱላ። ርዝመቱ መካከለኛ ነው። ኳሷን የሚመታው ፊቱም 30 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ኳሷን ራሱ ያነሳታል። ያገለገለና ርካሽ ቢሆን ምንም አይደል። ድራይቨር የሚባለውን ረጅሙን ዱላ ግን ለጊዜው ከቦርሳው አታውጡት። ሁሉም የሚጓጓው ለእሱ ነው፤ መጥፎ ልማድ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው።

የልምምድ ሜዳ ወይም ሬንጅ በአቅራቢያችሁ ካለ ኳስ በባልዲ እየከፈላችሁ መምታት ትችላላችሁ። ከሌለ ግቢም ይበቃል፤ ከሚቀጥሉት እርምጃዎች ብዙዎቹ ኳስ አያስፈልጋቸውም። ዱላውን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በተለይ ልጆች ከኋላ መጥተው መቆም ይወዳሉ።

እርምጃ 2፦ አያያዝ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኳስ ስትነሳ አቅጣጫዋን በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ወዴት እንደሚያይ ነው። የዱላውን ፊት የሚያዞረው ደግሞ እጅ ነው። አያያዙ ከተበላሸ ሰውነት ሌላ ማካካሻ ይፈልጋል፤ ለዚያ ማካካሻ ሌላ ማካካሻ ይመጣል። እንዲህ እያለ ስዊንጉ በየቀኑ ሌላ ይሆናል።

በግራ እጅ ጀምሩ። መያዣውን በመዳፋችሁ ሳይሆን በጣቶቻችሁ ላይ አጋድሙት፤ ከትንሿ ጣት ሥር ተነስቶ የጠቋሚ ጣትን መካከል ይዞ እንዲያልፍ። ከዚያ እጃችሁን ዝጉ። አውራ ጣት ከመያዣው የመሃል መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ያርፍ። አሁን ቁልቁል ስታዩ ከግራ እጃችሁ ሁለት የጣት አንጓዎች ጎልተው መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ ከታየ እጁ ወደ ግራ በዝቷል። አራቱም ከታዩ ወደ ቀኝ አልፏል።

ቀኝ እጅ ከታች ይመጣል። የቀኝ መዳፋችሁ የግራውን አውራ ጣት ይሸፍነው። የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት የት ትሁን ለሚለው ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በግራው ጠቋሚና መሃል ጣት መካከል ከላይ ማሳረፍ ነው። ይህ አያያዝ የሚጠራው በሃሪ ቫርደን ስም ነው፤ ከ1896 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የብሪታንያ ኦፕን የሚባለውን ታላቅ ውድድር 6 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ሁለተኛው ትንሿን ጣት ከግራው ጠቋሚ ጣት ጋር ማቆላለፍ ነው፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ጃክ ኒክላውስና ታይገር ዉድስ የሚይዙት እንዲህ ነው። ሦስተኛው አሥሩንም ጣት በመያዣው ላይ መደርደር ነው። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ሞክሩ። ከሦስቱ የተመቻችሁን ምረጡና ከዚያ በኋላ አትቀያይሩ። በየሳምንቱ አያያዝ የሚቀይር ሰው ስዊንጉም በየሳምንቱ አዲስ ነው።

አጨባበጣችሁስ? በሙሉ ኃይል መጨበጥን 10 ካልን እናንተ 4 አካባቢ ሁኑ። ክንዳችሁ ከደረቀ በዝቷል። የገና ጨዋታ እየተጫወተ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ሊቸገር ይችላል። እዚያ ጥንግ የሚጠለዘው እየሮጡ፣ ዱላ ከዱላ እየተጋጨ፣ ጥርስ ተነክሶ ነው። እዚህ ኳሷ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች፤ የሚጋፋችሁም የለም።

አያያዝን ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥን እያያችሁ መለማመድ ይቻላል። ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ሳታዩት ትክክል መያዝ ስትጀምሩ ወደሚቀጥለው እለፉ።

እርምጃ 3፦ አቋቋምና አቅጣጫ

እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። ኳሷ ከሁለቱ እግሮች መካከል ወይም ከዚያ በጣም ትንሽ ወደ ግራ ትሁን። አሁን ከዳሌ እጠፉ፤ ከወገብ አይደለም። ጀርባ ቀጥ ይላል፣ ቂጥ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ጉልበት በጥቂቱ ይለሰልሳል። ክንዶቻችሁ ከትከሻ ወደ ታች በራሳቸው ይንጠልጠሉ። በመያዣው ጫፍና በጭናችሁ መካከል አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ከኖረ ርቀቱ ደህና ነው። ክብደታችሁን በሁለቱም እግር እኩል አካፍሉት።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አቅጣጫ ላይ ነው። እግሩን ወደ ዒላማው ያነጣጥራል። እኛ ግን ከኳሷ ጎን ነን የምንቆመው። ወደ ዒላማው የሚያየው የዱላው ፊት ነው፤ የእግራችን መስመር ከኳሷ መስመር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። እግር ራሱ ወደ ዒላማው ካነጣጠረ ሰውነት ወደ ቀኝ ያያል። ከዚያ ተጫዋቹ ሳያውቀው ኳሷን ወደ ግራ እየጎተተ መምታት ይጀምራል።

ኒክላውስ ያደርግ የነበረውን አድርጉ። ከኳሷ ኋላ ቁሙና ወደ ዒላማው ተመልከቱ። በዚያው መስመር ላይ፣ ከኳሷ አንድ እርምጃ እንኳ የማይርቅ ምልክት ምረጡ፤ የደረቀ ሳር ወይም ቅጠል ይሁን። ከዚያ መጀመሪያ የዱላውን ፊት ወደዚያ ምልክት አዙሩ፤ ቀጥሎ እግራችሁን አስተካክሉ። 150 ሜትር ርቆ ወዳለ ባንዲራ ከማነጣጠር ወደዚህች ቅጠል ማነጣጠር ይቀላል።

እርምጃ 4፦ ግማሽ ስዊንግ

ወደ ሙሉ ስዊንግ አትቸኩሉ። በእኔ እምነት ጀማሪን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚጠቅመው ይህ እርምጃ ነው፤ ሁሉም ሰው ዘሎት የሚያልፈውም ይኸው ነው።

አንድ ፎጣ ደረታችሁ ላይ በአግድም ዘርጉና ሁለቱን ጫፎች በብብቶቻችሁ ያዙ። አሁን ደረታችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ክንዶች አብረው ይሂዱ። ግራ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ቁሙ። ከዚያ ወደ ግራ ዙሩ፤ ቀኝ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን አብቁ። ፎጣው ከወደቀ ክንዳችሁ ከደረታችሁ ተነጥሎ ብቻውን ሄዷል ማለት ነው። ኖርማን ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ኳስ ይመታ የነበረው ክንዱ የራሱ ዓላማ ስላልነበረው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ቀጥሎ በኳስ። ኳሷ ብዙ አትርቅም፤ አትናደዱ። ዱላው መሃል ፊቱ ላይ ሲነካት እጅ ላይ ምንም ንዝረት አይሰማም። ያ ስሜት እየደጋገመ እስኪመጣ እዚሁ ቆዩ።

እርምጃ 5፦ ወደ ኋላ መዞር

ሙሉ ስዊንግ ግማሹ ሲረዝም ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ትከሻ 90 ዲግሪ ያህል፣ ዳሌ የዚያን ግማሽ ያህል ይዞራል። ሰውነታችሁ ይህን ያህል ካልተጣጠፈ የግራ ተረከዛችሁን ትንሽ አንሱ፤ ነውር የለውም። ክብደቱ ወደ ቀኝ እግር ውስጠኛ ጎን ይሂድ። ዳሌያችሁ ወደ ቀኝ ከተንሸራተተ ግን መዞር አይደለም። ትከሻ መዞር ሲያቆም እጅም ያቁም። ከዚያ በላይ ዱላ ማንሳት ጉልበት አይጨምርም።

እርምጃ 6፦ መውረድና መምታት

መውረድ የሚጀምረው ከታች ነው። መጀመሪያ የግራ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ፤ ዳሌ ይከተላል፣ ደረት ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ከላይ በቀኝ ትከሻው ይጀምራል። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጥና ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ጎልፈኞች ስላይስ የሚሉት ይህ ነው።

ሌላው ጉዳይ ኳሷን "ላንሳት" ማለት ነው። ተጫዋቹ ከሥሯ ሊጨልፋት ይሞክርና ክብደቱ በቀኝ እግሩ ላይ ይቀራል። ወይ ከኳሷ በፊት መሬቱን ይቆፍራል፣ ወይ አናቷን ይመታና ኳሷ እየተንከባለለች ትሄዳለች። በአይረን ስትመቱ ዱላው እየወረደ ነው ኳሷን መንካት ያለበት፤ ዝቅተኛው ነጥብ ከኳሷ ፊት ጥቂት ሴንቲሜትር ይርቃል። መጀመሪያ ኳስ፣ ቀጥሎ ሳር።

ይህን ለመለማመድ ሳሩ ላይ ገመድ ዘርግታችሁ በኖራ መስመር አስምሩ። መስመሩ በእግሮቻችሁ መካከል ይሁን። ያለ ኳስ ምቱና ሳሩ የት እንደተላጨ እዩ። ከመስመሩ በግራ በኩል፣ ማለትም ወደ ዒላማው፣ ከሆነ ጥሩ ነው። በቀኝ ከሆነ ክብደታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል። ገመዱን ዱላው እንዳይጠልፈው አስምራችሁ ስታበቁ አንሱት።

"ራስህን አታንሳ!" የሚል ምክር በየሜዳው ትሰማላችሁ። እኔ አልወደውም። ራስን በግድ ደፍቶ መያዝ ደረት እንዳይዞር ያግዳል። ኳሷ ከሄደች በኋላ ራሳችሁ ከደረታችሁ ጋር ቀና ይበል።

እርምጃ 7፦ አጨራረስና ፍጥነት

ስትጨርሱ ሆዳችሁ ወደ ዒላማው ያያል፣ ክብደታችሁ ግራ እግር ላይ ነው፣ የቀኝ እግራችሁ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል። ኳሷ እስክትወድቅ ድረስ እንደዚያ ቁሙ። ከተንገዳገዳችሁ ከአቅም በላይ መትታችኋል። የሚቀጥለውን ቀዝቀዝ አድርጉት።

የጥሩ ተጫዋቾች ስዊንግ ወደ ኋላ ሲሄድ ለመውረድ ከሚፈጅበት 3 እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሰዓት ይዞ መለካት አያስፈልግም። ወደ ኋላ ስትዞሩ "አ..ን..ድ" እያላችሁ ጎትቱት፤ ስትወርዱ "ሁለት!" ብላችሁ ቁረጡት። ጮክ ብላችሁ ብትሉት ጎረቤታችሁ ዞር ብሎ ያያችሁ ይሆናል፤ ይየው።

ስንት ሜትር ሄደች የሚለውን አሁን አትቁጠሩ። ከሰው ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። ዴንቨርና አውሮራ፣ ኮሎራዶ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ርቃ ትሄዳለች። አዲስ አበባ ከዚያም በላይ ከፍ ያለች ናት። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ያነሰ ርቀት ቢመታ ስዊንጉ ከእናንተ ያንሳል ማለት አይደለም።

እንዴት ልለማመድ?

ባልዲውን እያከታተሉ መጨረስ ልምምድ ሳይሆን ላብ ማውጣት ነው። ከእያንዳንዱ ኳስ በፊት አንድ ጊዜ ያለ ኳስ አወዛውዙ። ከዚያ ከኋላ ቁሙ፣ ምልክት ምረጡ፣ ያዙ፣ ቁሙ፣ ምቱ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይታረም። ስልካችሁን በእጃችሁ ከፍታ፣ ከኋላችሁ በዒላማው መስመር በኩል አቁሙና ቅረጹ፤ ተሰማኝ የምንለውና የምናደርገው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ከታጠፈች ሌላ ከመነካካታችሁ በፊት ወደ እርምጃ 2 ተመለሱና የግራ እጅ አንጓዎችን ቁጠሩ። ጀርባ ወይም ክርን ካመማችሁ አቁሙ፤ አስተማሪ ይያችሁ።

ሰባት ቁጥሩ ከታዘዘላችሁ በኋላ ሌሎቹን ዱላዎች አውጡ። በ2020 እና በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኤስ ኦፕን የሚባለውን ውድድር ያሸነፈው ብራይሰን ዲሻምቦ ያኔ አይረኖቹ ሁሉ አንድ ርዝመት ነበሩ፤ አቋቋሙን በየዱላው መቀያየር ስላልፈለገ። የእኛዎቹ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አንድ ሴንቲሜትር ከምናምን ይለያያሉ። በአጭሩ ዱላ ትንሽ ጠጋ፣ በረጅሙ ትንሽ ራቅ ትላላችሁ፤ ያንን ክንዶቻችሁ ተንጠልጥለው ራሳቸው ያሳዩአችኋል። በድራይቨር ብቻ ኳሷን በቲ፣ ማለትም መሬት ላይ በምትሰካው ትንሽ ችንካር፣ ላይ ከፍ አድርጉና ከግራ ተረከዛችሁ ትይዩ አስቀምጧት፤ እግራችሁንም ትንሽ ሰፋ አድርጉ። አያያዙ፣ አዟዟሩና "አ..ን..ድ፣ ሁለት!" የሚለው እንዳለ ይቀጥላል።