ከማርስ በረዷማ አፈር ናሙና ማንሳት፦ ከቦዩ እስከ ምድጃው

ማርስ ላይ መቆፈሩ ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የተቆፈረውን ከአካፋው አራግፎ ምድጃ ውስጥ መጨመሩ ነው። በረዷማውን አፈር ገና እንደተፋቀ ብታነሱት አካፋው ላይ ሙጭጭ ይላል። ትንሽ ይቆይ ብትሉት ደግሞ በረዶው ተንኖ ደረቅ አፈር ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የሥራው ብልሃት በሁለቱ መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ማግኘት ነው። እዚህ የተቀመጠው አካሄድ በአብዛኛው የናሳዋ ፊኒክስ ያለፈችበት ነው። ፊኒክስ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2008 በማርስ ሰሜናዊ ሜዳ፣ 68 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያረፈች መንኮራኩር ስትሆን የማርስን የውሃ በረዶ በክንዷ ነክታ፣ በምድጃዋ አሙቃ ለመመርመር የመጀመሪያዋ ናት።

መሣሪያው

ክንዱ 2.35 ሜትር ይረዝማል፤ አራት መጋጠሚያ አለው። ጫፉ ላይ አካፋ፣ በአካፋው ጀርባ በሞተር የሚሽከረከር ሞረድ፣ አጠገቡ ደግሞ አራት መርፌ ያለው የአፈር መመርመሪያ አለ። መርፌዎቹ አፈር ውስጥ ተሰክተው ሙቀትንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ይለካሉ። ክንዱ ላይ የተገጠመው ካሜራ የአካፋውን ሆድ ለማየት ያገለግላል። ይህን ካሜራ ማንም እንደ ትርፍ ዕቃ እንዳያየው፤ ናሙናው መውደቅ አለመውደቁ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ምድጃዎቹ ስምንት ናቸው። እያንዳንዳቸው የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቀፎ ቢቆረጥ የሚያክሉ ሲሆኑ የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከምድጃዎቹ በላይ መዝጊያና የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት አለ፤ ወንፊቱን የሚያንቀጠቅጥ ሞተርም አብሮት ተገጥሟል።

ክንዱ ከምድር ሕይወት ይዞ እንዳይሄድ በሙቀት ይጸዳል፤ ከዚያም በከረጢት ታሽጎ ይጓዛል። ከረጢቱ የሚከፈተው ካረፈ በኋላ ነው። በረዶ የሚነካ መሣሪያ ላይ ጽዳቱ ጥብቅ የሚሆነው፣ ውሃ ያለበት ቦታ የተሳፈረች ባክቴሪያ ልትኖርበት የምትችል ቦታ ስለሆነ ነው።

ቦታ መምረጥ

መንኮራኩሯ አትንቀሳቀስም፤ የሚቆፈረው ክንዱ የሚደርስበት መሬት ብቻ ነው። በማረፍ ጊዜ ሞተሮቹ አፈሩን ጠርገውት በፊኒክስ ሆድ ሥር በረዶው ተገልጦ ታይቷል። ይህ የምሥራች ቢሆንም ናሙና የሚነሳበት ቦታ አይደለም፤ የሞተር ጭስ ያገኘው መሬት ነው።

መሬቱ ውርጭ እየሰነጠቀ ጥቂት ሜትር ስፋት ባላቸው ባለ ብዙ ጎን ቅርጾች የከፋፈለው ነው። አንድ ቦይ በቅርጹ መሃል፣ ሌላ ደግሞ በጠርዙ በኩል ቆፍሩ፤ የሚወጣው አንድ ዓይነት አይሆንም። ፊኒክስ በጠርዝ በኩል ነጭ፣ ከአፈር ጋር እምብዛም ያልተቀላቀለ በረዶ አገኘች። መሃል ላይ ያገኘችው በረዶ ግን የአፈሩን ቅንጣቶች እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ያጠነከረ ነበር። ለምድጃ የተመረጠው ይኸኛው ነው።

ደረቁን አፈር መግፈፍ

በረዶው በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይጀምራል፤ አንዳንድ ቦታ ይርቃል። ከላይ ያለውን ደረቅ አፈር በስሱ፣ በተደጋጋሚ እየጠረጋችሁ አንሱ፤ በአንድ ጉርሻ ለመጨረስ አትሞክሩ። የተነሳው አፈር የሚከመርበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የቦዩ ግድግዳ ተንዶ በረዶውን መልሶ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ክምሩ አፋፉ ላይ ሲሆን ነው።

ደረቅ ነው ብሎ መዘናጋት ግን አያዋጣም። የመጀመሪያው ናሙና ጁን 6 ወንፊቱ ላይ ሲደፋ ጓል ሆኖ ተቀመጠ፤ ለምድጃው የሚበቃ አፈር በቀዳዳው አላለፈም። ወንፊቱ ለቀናት ተንቀጠቀጠ፤ ምድጃው የሞላው በሰባተኛው ሙከራ፣ ጁን 11 ላይ ነው። ዋጋ ግን አስከፍሏል፦ መንቀጥቀጡ ሳያስከትለው አልቀረም የተባለ የኤሌክትሪክ ሾርት ተገኘ፤ ቡድኑም ቀጣዩን ናሙና የመጨረሻው ሊሆን ይችላል ብሎ ማቀድ ግድ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ የተሻለው መንገድ መርጨት ሆነ። አካፋውን በትንሹ አዘንብሉና ሞረዱን አስነሱት። ሞረዱ እዚህ ላይ የሚሠራው ለመፋቅ ሳይሆን ለማንዘርዘር ነው፤ አፈሩ ጨው እንደሚነሰነስ በስሱ ይወርዳል። ጓሉን ወንፊት ላይ ከመከስከስ አካፋ ውስጥ እያለ ማለስለስ ይሻላል። የመዝጊያዎቹንም ነገር በፎቶ አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈቱ ቀርተዋል።

ነጩ ነገር በረዶ ነው ወይስ ጨው?

መልሱን ካሜራና ትዕግሥት ይሰጣሉ። ቦዩን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የፀሐይ ማዕዘን፣ ለተከታታይ ሶሎች ፎቶ አንሱት፤ ሶል 24 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ የሚረዝመው የማርስ ቀን ነው። ፊኒክስ ጁን 15 ባነሳችው ፎቶ የቦዩ ጥግ ላይ የዳይስ ጠጠር የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ። ጁን 19 አልነበሩም። ጨው በአራት ቀን አይጠፋም። በዚያ ቅዝቃዜና ከምድሩ ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላው የአየር ግፊት እየተነነ የሚጠፋው የውሃ በረዶ ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ቀን እንኳ ባልቆየ ነበር።

በረዶውን መፋቅ

አካፋው በረዶውን ሲነካ ክንዱ ይቆማል፤ በኃይል መግፋት አያስፈልግም። በዚያ ሙቀት በረዶ የጋገረው አፈር እንደ ኮንክሪት ጠንካራ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. የቦዩን ወለል በአካፋው ምላጭ ፍቃችሁ አለስልሱ። ልል አፈር ካለ ጥረጉ፤ አለበለዚያ በረዶ ያነሳችሁ መስሏችሁ ደረቅ አፈር ትልካላችሁ።

2. የአካፋውን ጀርባ ወለሉ ላይ አስደግፉና ሞረዱን አስነሱ። ፍቅፋቂው በጀርባው ቀዳዳ በኩል ወደ አካፋው ይገባል። ከአንድ ጉድጓድ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ ተቀራራቢ ጉድጓዶችን በረድፍ አድርጉ። በጁላይ አጋማሽ በተደረገው ሙከራ አካፋው ውስጥ የተሰበሰበው 3 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ማለት ነው። ለምድጃው ግን ከበቂ በላይ ነው።

3. ወለሉ ላይ የተበተነውን ፍቅፋቂ በምላጩ ሰብስባችሁ ጨምሩ።

4. የአካፋውን ሆድ ፎቶ አንሱ።

ይህ ሁሉ በቀጥታ እየታየ አይነዳም። ምልክት ከምድር ለመድረስ ፊኒክስ ባረፈችበት ጊዜ 15 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ግንኙነቱም ማርስን በሚዞሩ መንኮራኩሮች በኩል በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የቀኑ ትእዛዝ ጠዋት ተጠቅልሎ ይላካል፤ ውጤቱ ወደ ማታ ይመጣል። ትእዛዙ ውስጥ «ክንዱ ከዚህ በላይ ከተቸገረ ቁም» የሚል ገደብ ሳይኖር አትላኩት።

መጣበቁ

ፍቅፋቂው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቢነሳ ይመረጣል። ፀሐይ የመታው ብረት ከበረዶው ይሞቃል፤ የሞረዱ ሰበቃም ሙቀት ይጨምራል። ሙቀት ያገኘችው ቅንጣት ትለሰልስና ብረቱ ላይ መልሳ ትጋገራለች። ስለዚህ አካፋው ናሙና ይዞ ፀሐይ ላይ እንዲቆም አታድርጉ፤ ከመፋቅ እስከ መርጨት ያለው ጊዜ አጭር ይሁን።

ይህም ሆኖ በጁላይ መጨረሻ አዲስ የተፋቀ በረዷማ አፈር ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ አካፋው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። አካፋው ተገልብጦ እንኳ አልወርድ አለ። የተሳካው ሦስተኛው ነው፤ ያ ናሙና በአብዛኛው ለሁለት ቀን አየር ላይ ተጋልጦ የቆየ ነበር። ከውሃው ከፊሉ ተንኖ ስለሄደ አፈሩ ለመያዝ ቀለለ፤ የቀረው በረዶ ደግሞ ለመለየት በቃ። ጁላይ 31 ቀን ውሃ መሆኑ ይፋ ተደረገ። እንግዲህ ዕቅድ ስታወጡ ሁለቱንም መንገድ ያዙ፤ ትኩሱ እንቢ ካለ ወደ ቆየው መሻገር እንጂ አካፋውን ደጋግሞ ማንቀጥቀጥ ቀን ከማቃጠል ውጪ ጥቅም የለውም።

ምድጃና እርጥብ ምርመራ

ምድጃው የሚሞቀው ደረጃ በደረጃ ነው። 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ተጨማሪ ሙቀት ከዋጠ በረዶ እየቀለጠ ነው። ሙቀቱ እስከ 1000 ዲግሪ ይወጣል፤ በከፍተኛው ሙቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት እንዳለ ይናገራል።

እርጥብ ምርመራው ደግሞ አራት ጽዋ አለው፤ በእያንዳንዱ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አፈር ከምድር በመጣ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። የፊኒክስ አፈር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.7 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ያልተጠበቀው ፐርክሎሬት፣ ክሎሪንና ኦክስጅን ያለበት ጨው፣ የታወቀውም እዚህ ነው። ፐርክሎሬት ምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል፤ ኦርጋኒክ ቁስ ቢኖር እንኳ ያቃጥለዋል። በማሞቅ ብቻ «የለም» ብሎ መደምደም የማይቻለው ለዚህ ነው።

የሚባክነውን ጊዜ ቆጥቡ፤ ኃይሉ ከሶላር ፓኔል ነው፣ በጋው ያልቃል። በመጨረሻ የክንዱን ማሞቂያ ከማጥፋታችሁ በፊት መርፌዎቹን አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ተዉአቸው፦ ክንዱ ባይንቀሳቀስም መለካታቸውን ይቀጥላሉ።