ቅጠልና አበባ ፎቶ ስታነሱ ፀሐይዋን ከፊታችሁ አድርጓት

ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ማንሳት ለብዙ ነገር ይሆናል። ቅጠልንና አበባን ግን ድርቅ ያሉ ያስመስላቸዋል። ዞር በሉና ቅጠሉን በእናንተና በፀሐይዋ መሃል አድርጉት። ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ደም ሥር መሳይ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ጠርዙ ላይ ያለችው ጸጉር ሳትቀር ታበራለች። በጣም ነው የሚያምረው! ከኋላው ጥላ ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ፣ በእጃችሁ ሌንሱ ላይ ጥላ ጣሉበት። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቅጠሉን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ።

ጠዋትና አመሻሽ ይመረጣል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብዙም አይሠራም። በካሜራው መመልከቻ ቀዳዳ ግን ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳታዩ፣ ዓይን ይጎዳል።