ቢልዱ ያልፋል፣ ኤዲተሩ ግን ቀይ በቀይ፦ ኮምፓይል ኮማንድስ ፋይል ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክታችሁ ተርሚናል ላይ ያለ ምንም ችግር ቢልድ ይሆናል። ኤዲተሩ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ኢንክሉድ ጀምሮ ቀይ መስመር ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ኤክስቴንሽኑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይጀምራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም። ኤዲተሩ ውስጥ ኮዱን አንብቦ ስህተት የሚያሳየው ክላንግዲ የሚባል ፕሮግራም ነው። ክላንግዲ እያንዳንዱ ፋይል በየትኞቹ ፍላጎች (ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ አማራጮች)፣ ከየትኛው ፎልደር ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚያነበው ኮምፓይል_ኮማንድስ.ጄሰን ከሚባለው ፋይል ነው። ፋይሉን ካጣው ይገምታል። ፋይሉ ከተሳሳተ ደግሞ ስህተቱን አምኖ ይሄዳል።

ፋይሉን በእጅ መጻፍ። ለሦስት ፋይል ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተዉት፤ ቢልድ ሲስተሙ መልሱን ያውቀዋል።

ጀነሬተሩን አለማየት። ጀነሬተር ማለት ሲሜክ የተባለው ቢልድ ሲስተም ፋይሎቹን ለየትኛው የቢልድ መሣሪያ እንደሚጽፍ የሚወስነው ምርጫ ነው። ሲሜክ ላይ ሲሜክ_ኤክስፖርት_ኮምፓይል_ኮማንድስ የሚለውን ኦን ማድረግ ይበቃል፣ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በሜክፋይልና በኒንጃ ጀነሬተሮች ብቻ። ቪዥዋል ስቱዲዮን ወይም ኤክስኮድን ከመረጣችሁ ሲሜክ ትእዛዙን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኤረር የለም፣ ፋይልም የለም። መፍትሔው ለኤዲተሩ ሲባል ሌላ ፎልደር ውስጥ በኒንጃ ኮንፊገር ማድረግ ነው። ሜሶን የተባለው ሌላ ቢልድ ሲስተም ተጠቃሚዎች በዚህ በኩል እድለኞች ናቸው፤ ሳይጠይቁት ያወጣላቸዋል።

ፋይሉን ክላንግዲ በማይደርስበት ቦታ መተው። ክላንግዲ ከከፈታችሁት ፋይል ተነስቶ ወደ ላይ በየፎልደሩ ይፈልጋል። በየደረጃው ቢልድ የሚባል ፎልደር ካገኘም ውስጡን ያያል። የእናንተ ፎልደር ሌላ ስም ካለው አያገኘውም። ፕሮጀክቱ ሥር ላይ ሲምሊንክ (ወደ ዋናው ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ) አድርጉለት። ኮፒ ግን አታድርጉ። ነገ አዲስ ፋይል ጨምራችሁ ሲሜክ ዋናውን ሲያድሰው ኮፒው የትናንቱን ይዞ ይቀራል፤ ይህን ችግር ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ያሰለቻል።

በግማሽ ቢልድ ላይ ቤርን ማስኬድ። ተራ ሜክፋይል ላይ ሰው ይህን ፋይል ለማውጣት የሚጠቀመው ቤር የሚባለውን መሣሪያ ነው፤ ብዙ እንባ የሚፈሰውም እዚህ ነው። ቤር ሜክፋይሉን አያነብም። ሜክ ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ የሚጠሩትን ኮምፓይለሮች ይመዘግባል እንጂ። ሁሉም ነገር አስቀድሞ ቢልድ ከሆነ የሚጠራ ኮምፓይለር የለም፤ ውጤቱም ባዶ ቅንፍ ነው። ከባዶው የሚከፋው ግማሹ ነው። ሁለት ፋይል ቀይራችሁ ቤርን ካስኬዳችሁ ሙሉው ዝርዝር ጠፍቶ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሜክ ክሊን፣ ከዚያ ቤር። በነባሩ ላይ መጨመር ብቻ ከፈለጋችሁ አፔንድ የሚለው አማራጭ አለ። ከቤር 3.0 ጀምሮ ደግሞ በቤርና በሜክ መካከል ሁለት ሰረዝ ይገባል። የድሮ መመሪያዎች ይህ የላቸውም፤ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ አስተውሉ። ለሊኑክስ ከርነል ግን ቤርን አታስቸግሩት። ከርነሉ ቢልዱ ትቶ ያለፋቸውን መዝገቦች እያነበበ ፋይሉን የሚያወጣ የራሱ የፓይተን ስክሪፕት አለው።

ፋይሉን ጊት ውስጥ ማስገባት። ውስጡ የእናንተ ማሽን ሙሉ አድራሻ አለ፤ ለባልደረባችሁ አይሠራም። ጊትኢግኖር ውስጥ ጨምሩት። ዶከር ውስጥ ቢልድ ለሚያደርግም ጣጣው ያው ነው፤ አድራሻዎቹ የኮንቴይነሩ ስለሆኑ ክላንግዲንም እዚያው ውስጥ ማስኬድ ይሻላል።

ኮንፊገር አድርጎ መቆም። እንደ ፕሮቶበፍ ባሉ መሣሪያዎች የሚፈጠሩ ሄደሮች ቢልድ እስኪደረግ ድረስ የሉም። አንዴ ሙሉ ቢልድ አድርጉ።

ሄደር ፋይሎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም ብሎ መደንገጥም አለ። መኖር ግዴታ አይደለም። ክላንግዲ ስሙ ከሚቀርበው የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ፍላጎቹን ይዋሳል።

ለኤአርኤም ቦርድ የምትጽፉ ከሆነ ፋይሉ ትክክል ሆኖም ቀዩ ላይጠፋ ይችላል። የክሮስ ኮምፓይለሩ (ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ኮምፓይል የሚያደርገው) የራሱ ሄደሮች ያሉበትን ቦታ ክላንግዲ አያውቅም። ኮምፓይለሩን ጠይቆ እንዲረዳ ኩዌሪ ድራይቨር በሚለው አማራጭ የኮምፓይለሩን አድራሻ ፍቀዱለት። ያልፈቀዳችሁለትን ፕሮግራም ከፋይሉ አንብቦ አያስነሳም፤ ይህም ለደኅንነት ሲባል ነው። የጂሲሲ ብቻ የሆኑ ፍላጎች ካስቸገሩ ደግሞ የክላንግዲ ማስተካከያ በሆነው በነጥብ ክላንግዲ ፋይል ውስጥ ሪሙቭ ብላችሁ አውጧቸው።

አሁንም ካልሆነ መገመት አቁሙ። ተርሚናል ላይ ክላንግዲን በቼክ አማራጭ፣ በአንድ ፋይል ላይ አስኪዱት። የትኛውን ትእዛዝ እንደተጠቀመ ይጽፍላችኋል። ጀነሪክ ፎልባክ ኮማንድ ካለ ዝርዝሩን ጭራሽ አላገኘውም፤ የፋይሉን ቦታ አስተካክሉ። ከሲዲቢ (ማለትም ከኮምፓይል ኮማንድስ ፋይሉ) አነበብኩ ካለ ግን ቦታው ልክ ነው፤ ፍላጎቹን አንድ በአንድ እዩ።