የኦንላይኑ ጆርናል የወረቀቱን መዝገብ ሲውጥብን

ደሴ ያለው ቤተ መጻሕፍታችን ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ይጠቀማል። የኤሌክትሮኒክ ጆርናሎች ማርክ ፋይል (መዝገቦችን በቁጥር በተለዩ መስኮች የሚይዝ) ስናስገባ፣ መደርደሪያ ላይ ያሉት የወረቀት ጆርናሎች መዝገብ በኦንላይኑ ተተካ።

ኢምፖርቱን ቀልብሰን ደገምነው፤ ያው ሆነ። ኢንዴክሱን እንደገና ገነባን፤ ሁለት ሌሊት በከንቱ (ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል)። የሚገባው መዝገብ ቀድሞ ካለው ጋር አንድ መሆኑን የሚለየውን የማዛመጃ ደንብ ስናጠፋ ደግሞ ቀድሞ የገባው የኦንላይን መዝገብ ሁሉ ድርብ ሆነ።

ጉዱ ያለው መስክ 022 ላይ ነበር። ደንቡ የሚያዛምደው እዚያ በሚጻፈው አይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ ቁጥር) ነው፤ ፋይሉ ደግሞ 022 ንዑስ መስክ ኤ ላይ የያዘው የወረቀቱን ቁጥር ነው! በማርክኤዲት (የማርክ ፋይል ማረሚያ ፕሮግራም) ያንን ወደ 776 (የጆርናሉን ሌላ ቅርጽ የሚጠቁም መስክ) ንዑስ መስክ ኤክስ አዛውረን፣ በቦታው የኦንላይኑን ቁጥር አስገባን። የጆርናሉን ቅርጽ የሚያሳየው የመስክ 008 ቦታ 23 ባዶ ስለነበር፣ ኦንላይን መሆኑን የሚገልጸውን የላቲኑን ኦ ጻፍንበት። ወደ ኦንላይኑ ጆርናል የሚወስደው የ856 ሊንክ አልተነካም። ደንቡን መልሰን መጀመሪያ 5 መዝገብ ብቻ አስገባን፤ የወረቀቱ ከነመደርደሪያ ቁጥሩ ቆየ፣ ከዚያ ቀሪውን ለቀቅነው።